የአሮጌ ብር ቅብ ማንኪያና ሹካ ማህተም አነባበብ፦ ከእጥበቱ እስከ ዘመኑ

አንድ አሮጌ ማንኪያ ስትገለብጡ እጀታው ጀርባ ላይ አራት ጥቃቅን ማህተሞች ተደርድረው ካያችሁ፣ ቀድሞ የሚመጣላችሁ ሐሳብ «ይሄማ ብር ነው» የሚል ነው። ማህተሙን የመታው ፋብሪካም የፈለገው ይህንኑ ነበር። በእንግሊዝ አገር ንጹሕ የብር ዕቃ በሕግ በተቋቋመ የፍተሻ ቤት ሳይመረመርና ሳይታተም አይሸጥም፤ ብር ቅብን ግን የሚመረምረው የለም፤ ፋብሪካው ራሱ ነው የሚያትመው። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅብ የሚሠሩ ቤቶች ፊደሎቻቸውን በየጋሻው ከፋፍለው፣ በጥንታዊው የጎቲክ አጻጻፍ አስውበው፣ ከሩቅ የብር ማህተም የሚመስል ሰልፍ አበጁ።

ማህተም ማንበብ እንግዲህ የሠሪ ስም ከመፈለግ አይጀመርም። መጀመሪያ የሚነበበው ማዕድኑን የሚናገሩት ፊደሎችና ቅርጾች ናቸው፤ ሁለተኛው ሠሪው፣ ሦስተኛው ዘመኑ። ሰው የሚሳሳተው ይህን ቅደም ተከተል ሲገለብጠው ነው፤ ታዋቂ ስም ያይና ወዲያው ዋጋ ይቆርጣል።

እዚህ የተጻፉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ዕቃዎቹ ላይ የምታገኙትም እሱኑ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር (ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚይዙት ዓይነት)፣ የስልክ መብራት፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ነጭ ጠመኔ፣ እርሳስና ስስ ወረቀት። 0.1 ግራም ድረስ የሚለይ ትንሽ ሚዛን ካገኛችሁ ብዙ ክርክር ይዘጋላችኋል። የብር ማጽጃ ክሬም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሆን ተብሎ ነው።

1. እጠቡ እንጂ አትወልውሉ

አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ጨምሩ። ማህተሙን በብሩሹ ቀስ አድርጋችሁ እሹት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ ወዲያው አድርቁት። ከዚህ ያለፈ ነገር አሁን አያስፈልግም።

ማህተሙ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠውን ጥቁረት አትንኩት። ፊደሉን ከዙሪያው የሚለየው እሱ ነው፤ ቀለም እንደተሞላ ጽሑፍ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ዕቃውን መስታወት እስኪመስል ወልውሎ ከጨረሰ በኋላ «ማህተሙ አይታይም» ይላል። ደግሞም የብሩ ልባስ ስስ ነው። ጥሩ የሚባለው የጀርመን ቅብ እንኳ ውፍረቱ 0.036 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከራስ ጸጉር የቀጠነ። ተራው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሽቦ መፋቂያ የታሸ ማንኪያ ብሩን ብቻ ሳይሆን የማህተሙን ጠርዝም ያጣል፤ አንዴ ከተበላ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ቢላዋ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሮጌ ገበታ ቢላዋ እጀታ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ ስለቱን የሚይዘው በሙጫ ወይም በሬንጅ መሰል ነገር ተሞልቶ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ መሙያው ይለሰልስና ስለቱ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም ተነቅሎ ይወጣል። ቢላዋን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ።

2. ማህተሙን ፈልጋችሁ ግለጡት

በማንኪያና በሹካ ላይ ማህተሙ አብዛኛውን ጊዜ የእጀታው ጀርባ ላይ፣ ከመሐል ወደ ላይኛው ጫፍ ባለው ክፍል ይገኛል። እጀታው ጠባብ ከሆነ ጎኑ ላይ ሊመታ ይችላል፤ ስለዚህ ጠርዙንም ዞራችሁ እዩ። በቢላዋ ላይ ሁለት ቦታ ፈልጉ፦ አንዱ የስለቱ ጎን፣ ሌላው ስለቱና እጀታው የሚገናኙበት ቀለበት። ሁለቱ የተለያየ ስም ሊይዙ ይችላሉ፤ ስለቱን የሠራው ቤትና እጀታውን የለበጠው ቤት የግድ አንድ አይደሉም።

መብራቱን ከላይ አታብሩ። ክፍሉን ትንሽ አጨልሙና የስልኩን መብራት ከጎን፣ ከዕቃው ገጽ ጋር ሊተኛ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ መብራቱን ሳይሆን ማንኪያውን ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩ። ከፊት ሲበራ ልሙጥ የሚመስል ገጽ በአንድ አቅጣጫ ላይ ድንገት ፊደል ያወጣል፤ ያንን አቅጣጫ እንዳገኛችሁ ሳትንቀሳቀሱ ፎቶ አንሡ። የስልኩን ካሜራ በአጉሊ መነጽሩ በኩል ብታሳልፉት ከዓይን የተሻለ ያሳያል።

ይህም ካልበቃ ጠመኔውን ማህተሙ ላይ አሹና ላዩን በደረቅ ጣት ጥረጉት፤ ዱቄቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ወይም ስሱን ወረቀት አልብሳችሁ የእርሳሱን ጎን በቀስታ አሹበት፤ ልጆች በሳንቲም ላይ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። በጣም ለተበላ ማህተም የአፍ ትንፋሽም ይረዳል፤ እንፋሎቱ ሲተን ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ቅርጹ ይታያል።

ያያችሁትን ከግራ ወደ ቀኝ እንዳለ ጻፉ፤ ክፈፉንም ሳሉ፦ ጋሻ፣ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ በማዕዘኑ የቆመ አልማዝ። ክፈፉ ብዙ ጊዜ ከፊደሉ የበለጠ ይናገራል። ያልለየ ፊደል ካለ በግምት አትሙሉት፣ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። በጎቲክ አጻጻፍ «ኢ» ከ«ሲ» ጋር፣ «ኤን» ከ«አር» ጋር በቀላሉ ይምታታል። አንድ የተሳሳተ ፊደል ቀኑን ሙሉ የሌለ ፋብሪካ ሲያስፈልጋችሁ ሊውል ይችላል።

3. ብር ነው ወይስ ቅብ?

የእንግሊዝ ንጹሕ ብር የሚታወቀው በሚራመድ አንበሳ ነው። ከጎኑ የከተማው ምልክት ይኖራል፦ ለለንደን የነብር ራስ፣ ለበርሚንግሃም መልህቅ፣ ለሼፊልድ እስከ 1974 ዘውድ፣ ከዚያ ወዲህ ጽጌረዳ። የዓመት ፊደልና የሠሪው ስም መነሻ ፊደላትም ይከተላሉ። በሌሎች የአውሮፓ አገሮች 800፣ 830፣ 835 ወይም 925 የሚል ቁጥር የብሩን ንጽሕና በሺህ ያሳያል። ጀርመን ከ1888 ጀምሮ ግማሽ ጨረቃና ዘውድ ከቁጥሩ ጋር ትመታለች። የአሜሪካ ንጹሕ ብር በአብዛኛው «ስተርሊንግ» (በሺህ 925 ብር) የሚል ቃል አለበት። መልህቅ ብቻውን ግን አያታላችሁ፤ በአሜሪካ በርካታ ቅብ የሚሠሩ ቤቶች መልህቅን፣ ንስርን ወይም ኮከብን ለንግድ ምልክትነት ተጠቅመዋል።

የቅብ ዋናው ምልክት ኢ ፒ ኤን ኤስ የሚሉት አራት ፊደላት ናቸው፤ «በኤሌክትሪክ የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር» ማለት ነው። ኒኬል ሲልቨር ስሙ እንጂ ውስጡ ብር የለበትም፤ ከግማሽ በላይ መዳብ፣ ቀሪው ኒኬልና ዚንክ ነው። አራቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጋሻ ውስጥ ሲቀመጡ ነው የብር ማህተም የሚመስሉት። ከመጨረሻው በኋላ ተጨማሪ «ኤስ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሼፊልድን ይጠቁማል። ኢ ፒ ብቻ ከሆነ «በኤሌክትሪክ የተለበጠ» ማለት ነው። ኢ ፒ ቢ ኤም ደግሞ ውስጡ ብሪታኒያ ሜታል መሆኑን ይናገራል፤ ከቆርቆሮ ማዕድን፣ ከአንቲሞኒና ከጥቂት መዳብ የተቀላቀለ ለስላሳ ነገር ነው። በማንኪያ ላይ ብዙም አይገጥማችሁም፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ ግን ሞልቷል፤ በቀላሉ ስለሚቀልጥ እሳት አጠገብ አታድርጉት። ኤ 1 የሚለው የልባሱ ደረጃ እንጂ የብር ንጽሕና አይደለም።

በቃላት የሚያሳስቱም አሉ፦ ጀርመን ሲልቨር፣ ኔቫዳ ሲልቨር፣ አልፓካ፣ አርጀንታን። አንዳቸውም ብር አይደሉም። አልፓካ የሚለውን በተለይ የኦስትሪያና የጣሊያን ዕቃ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ያው ኒኬል ሲልቨር ነው።

የፈረንሳይን ማህተም ለመለየት ፊደል ማንበብ እንኳ አያስፈልግም። በፈረንሳይ ሕግ የንጹሕ ብር ሠሪ ማህተሙን በማዕዘኑ በቆመ አልማዝ ክፈፍ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የቅብ ሠሪ ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በካሬ ወይም በአራት ማዕዘን ክፈፍ መጠቀም አለበት። አልማዝ ከሆነ ብር፣ ካሬ ከሆነ ቅብ። ክፈፉን ሳሉ ያልነው ለዚህ ነው።

አሁን ቁጥሮቹ ጋ እንምጣ፤ ገንዘብ የሚያስከስረው ስሕተት ያለው እዚህ ነው። የጀርመን ማንኪያ ላይ 90 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ሻጮች «ዘጠና በመቶ ብር» ይሉታል። አይደለም። 90 ማለት አሥራ ሁለት የገበታ ማንኪያና አሥራ ሁለት የገበታ ሹካ፣ በድምሩ 24 ዕቃ፣ ሲለበጥ የሚወስደው ብር 90 ግራም ነው ማለት ነው። አጠገቡ ሁለተኛ ቁጥር ካለ፣ የዚያው ዓይነት ዕቃ አንድ ደርዘን የያዘውን ግራም ይነግራል። ስለዚህ 90 እና 45 የተመታበት የገበታ ማንኪያ 45 ሲካፈል ለ12፣ ማለትም 3.75 ግራም ብር ለብሷል። የሻይ ማንኪያ ላይ 90 እና 18 ቢሆን በአንዱ ላይ ያለው 1.5 ግራም ነው። 100 የሚለውም በዚሁ ስሌት ነው የሚነበበው እንጂ «መቶ በመቶ» ማለት አይደለም።

84 ደግሞ ሁለት ፍጹም የተለያየ ትርጉም አለው። የሩሲያ ዕቃ ላይ 84 የንጽሕና መለኪያ ነው፤ በ96 ከሚቆጠረው የሩሲያ ሚዛን 84ቱ ብር ነው፣ በሺህ 875 ማለት ነው፤ ንጹሕ ብር ነው። ከ1899 በኋላ በታተመው ላይ የአገሩን ባሕላዊ የራስ ጌጥ ያደረገች ሴት ራስ አብራው አለች። የፈረንሳይ ዕቃ ላይ በካሬ ውስጥ ያለ 84 ግን ያው የግራም ቁጥር ነው፤ ቅብ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ዕቃው የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። የዋርሶዎቹ ቅብ ሠሪ ቤቶች ፍራዤና ኖርብሊን ደግሞ በሩሲያ ዘመን ቅብ ዕቃቸው ላይ የንጉሡን ባለ ሁለት ራስ ንስር ይመቱ ነበር፤ እሱም የብር ማረጋገጫ አይደለም።

4. ማዕድኑን ራሱን ጠይቁት

ማህተም ይጠፋል፣ ይደበዝዛል፣ ይዋሻል። ማዕድኑ ግን የሚሸሸግበት የለውም።

መጀመሪያ ብዙ የሚፋተጉትን ቦታዎች እዩ፦ የማንኪያው ጎድጓዳ ጀርባ ጠረጴዛ የሚነካው እብጠት፣ የሹካው ጥርሶች ጫፍ፣ እጀታው ሲቀመጥ የሚያርፍበት ጫፍ። ብሩ የተበላበት ቦታ ላይ ቀለሙ ከዙሪያው ይለያል። ቢጫ ያዘለ ግራጫ ከሆነ ኒኬል ሲልቨር፣ ቀላ ካለ መዳብ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ከሆነ ብሪታኒያ ሜታል ነው። ንጹሕ ብር የቱንም ያህል ቢፋተግ ከሥሩ ሌላ ቀለም አይወጣም።

ማግኔት ብዙ አይረዳችሁም። ብርም ኒኬል ሲልቨርም ማግኔት አይስባቸውም፤ ስለዚህ «ማግኔት አልሳበውም፣ ብር ነው» የሚለው የገበያ ክርክር ባዶ ነው። ከሳበው ብቻ ነው አንድ ነገር የምታውቁት፤ ውስጡ ብረት ነው።

የሚዛኑ ሙከራ ግን አስተማማኝ ነው። ማንኪያውን በደረቁ መዝኑ፤ 60 ግራም ሆነ እንበል። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ማንኪያውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ የአየር አረፋም እንዳይዝ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የማንኪያው ይዘት ነው። 60ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ስተርሊንግ ብር 10.4 አካባቢ ይሰጣል፤ ያ ማለት ሚዛኑ 5.8 ያሳያል። ኒኬል ሲልቨር 8.7 አካባቢ ነው፤ ሚዛኑ 6.9 ያሳያል። ልዩነቱ ከአንድ ግራም በላይ ስለሆነ 0.1 የሚለይ ሚዛን በደንብ ያገኘዋል። 1 ግራም ብቻ የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ግን ለዚህ አይበቃም። ውስጠ ባዶ እጀታ ያለው ቢላዋ ላይም አይሠራም።

አሲድ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ ለብር ቅብ አንመክረውም። ላዩ እውነተኛ ብር ስለሆነ መልሱ «ብር» ይሆናል፤ ትክክለኛውን ለማግኘት ደግሞ እስከ ውስጥ መፋቅ አለባችሁ፣ ዕቃው ይበላሻል። አሲዱም ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

አገር ቤት ከጠገራ ብር የተሠራ የቆየ ጌጥ ወይም መስቀል ላላችሁም ይህ የውሃ ሙከራ ይጠቅማችኋል፤ አብዛኛው ማህተም የለውምና። ጠገራው ራሱ 28 ግራም ያህል ሲመዝን በሺህ 833 ብር ነው፤ ስለዚህ ከስተርሊንግ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፣ 10.2 ገደማ።

5. ሠሪው ማነው?

በኤሌክትሪክ መለበጥን በ1840 የባለቤትነት ፈቃድ አውጥቶ ለንግድ ያዋለው የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የተለበጠ ማንኪያ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም፤ «የ1790 ኢ ፒ ኤን ኤስ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውይይቱን እዚያው ማቆም ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት የነበረው ቶማስ ቦልሶቨር በ1740ዎቹ ሼፊልድ ውስጥ ያገኘው የብር ዝርግ ከመዳብ ጋር በሙቀት የማጣበቅ ዘዴ ነው። ማንኪያና ሹካ በዚያ ዘዴ እምብዛም አይሠራም ነበር። «ሼፊልድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሹካ እንግዲህ የከተማውን ስም እንጂ ያንን ጥንታዊ ዘዴ አያመለክትም።

ኤልኪንግተን ራሱ «ኢ ኤንድ ኮ» የሚል ምልክት ይጠቀም ነበር፤ ለዓመቱም የራሱን የቁጥርና የፊደል ሥርዓት ይመታ ነበር። ከሼፊልድ ቤቶች በሥዕል የሚታወቁትን ብታስታውሱ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ፦ ዎከር ኤንድ ሆል በውስጡ «ደብሊዩ ኤንድ ኤች» ያለበት ባንዲራ፣ ጄምስ ዲክሰን ኤንድ ሰንስ መለከት፣ ዊልያም ሃተን ኤንድ ሰንስ የተጠላለፉ ፍላጻዎች። ፊደሉ ተበልቶ ሥዕሉ ብቻ ቢቀር እንኳ ባንዲራውና መለከቱ ይለያሉ። ማፒን ኤንድ ዌብ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን በሙሉ ይጽፋል፣ «ፕሪንስስ ፕሌት» የሚለውንም የቅብ ደረጃውን ያክላል። ቫይነርስ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ነው፤ የተመሠረተው በ1901 ነው። ለንደን ያላችሁ በየበጎ አድራጎት ሱቁ ሳጥን ውስጥ በብዛት የምታገኙት የእነዚህንና የትናንሽ ጎረቤቶቻቸውን ሥራ ነው።

በፈረንሳይ ዋናው ክሪስቶፍል ነው፤ በ1830 ፓሪስ ተመሠረተ፣ በ1842 በኤሌክትሪክ የመለበጥ መብት ገዛ። የቆየ ምልክቱ መሐሉ ላይ ሚዛን ያለው ሲሆን፣ ስሙ በሙሉ በሌላ አራት ማዕዘን ውስጥ ይከተላል። በጀርመን ደብሊዩ ኤም ኤፍ የጋይስሊንገኑ ፋብሪካ ነው፤ አሮጌ ምልክቶቹ አንዱ ሰጎን አለበት። «ክሮማርጋን» የሚል ካለበት ግን ቅብ ሳይሆን የማይዝግ ብረት ነው፤ ስሙ በ1927 የተመዘገበ ነው። የኦስትሪያው በርንዶርፍ ድብ ይመታል።

አሜሪካ ያላችሁ በብዛት የሚገጥማችሁ «1847 ሮጀርስ ብሮስ» የሚለው ነው። ይህ ቁጥር የተሠራበት ዓመት አይደለም። ሮጀርስ ወንድማማቾች በኮነቲከት ሃርትፎርድ ሥራ የጀመሩበትን ዓመት የሚዘክር የንግድ ስም አካል ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በተሠራ ማንኪያ ላይም አለ። አጠገቡ «አይ ኤስ» የሚሉ ፊደላት ካሉ ኢንተርናሽናል ሲልቨር ማለት ነው፤ ያ ኩባንያ የተቋቋመው በ1898 ስለሆነ ማንኪያው ከዚያ ወዲህ ነው። ሮጀርስ የሚል ስም የያዙ ቤቶችም ብዙ ናቸው፤ ከፊት ያለውን የመጠሪያ ስምና ከኋላ ያለውን ቃል፣ ነጥብና ኮከብ ሳይቀር ካልጻፋችሁ አንዱን ከሌላው መለየት አትችሉም። «ኮሚዩኒቲ ፕሌት» የኦናይዳ ነው፣ በ1902 ገበያ ወጣ።

ሆልምስ ኤንድ ኤድዋርድስ «ስተርሊንግ ኢንሌይድ» ብሎ የመታበትን ሹካ ልብ በሉ። ቤቱ ብዙ የሚፋተጉት ቦታዎች ላይ ትንንሽ የስተርሊንግ ቁራጮች ቀብሮ ከላይ ይለብጥ ነበር፤ ለጥንካሬ ግሩም ዘዴ ነው። ገዢው ግን የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አንብቦ ሙሉ ብር የገዛ ይመስለዋል።

የአሜሪካ የልባስ ደረጃ የሚቆጠረው በ144 የሻይ ማንኪያ ነው። መደበኛው 2 ትሮይ አውንስ፣ ማለትም 62 ግራም ያህል፣ ለ144ቱ ይውላል፤ ለአንዱ 0.43 ግራም ይደርሰዋል። «ትሪፕል» 6 አውንስ፣ «ኳድሩፕል» 8 አውንስ ነው። ብሩን አቅልጦ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ይህ ስሌት በቂ መልስ ነው።

6. ዘመኑን መገመት

አብዛኛው ፍንጭ የሚነግራችሁ «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚለውን ነው። ስለዚህ ሁሉንም ሰብስቡና በጣም ዘግይቶ የመጣውን ያዙ።

አልማዝ ቅርጽ ኖሮት በየማዕዘኑ ፊደልና ቁጥር ያለበት ምልክት የእንግሊዝ የንድፍ ምዝገባ ነው፤ ከ1842 እስከ 1883 አገልግሏል። አናቱ ላይ በክብ ውስጥ ያለው የሮማ አንድ ቁጥር «የብረታ ብረት ሥራ» ማለት ነው። እስከ 1867 የዓመቱ ፊደል ከዚያ ክብ ሥር፣ ከ1868 ጀምሮ በቀኝ ማዕዘን ይገኛል። ከፈረንሳዩ የብር አልማዝ ጋር እንዳታምታቱት፤ የእንግሊዙ በክፍልፋዮች የተሞላ ነው፣ የፈረንሳዩ የሠሪውን መነሻ ፊደላትና ትንሽ ሥዕል ብቻ ይይዛል።

ከ1884 ጀምሮ «አር ዲ» የሚል አጭር ጽሑፍና ተከታታይ ቁጥር አልማዙን ተካው። ቁጥሩ ከ1 ተነሥቶ በ1900 መግቢያ ላይ 351,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ቁጥሩ ንድፉ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ ማንኪያው የተመታበትን ቀን አይናገርም፤ ተወዳጅ ንድፍ ለአሥርተ ዓመታት ይመረት ነበር።

በሼፊልድ ቅብ ዕቃ ላይ ዘውድ ካለ ከ1890ዎቹ መጨረሻ በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከንጹሕ ብሩ የከተማ ምልክት ጋር ስለተምታታ በዚያ ወቅት ቅብ ላይ እንዳይመታ ተከለከለ። «ኢንግላንድ» የሚል የአገር ስም ብዙ ጊዜ ከ1891 ወዲህ መሆኑን ይጠቁማል፤ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ የአሜሪካ ሕግ ከዚያ ዓመት ጀምሮ አስገድዷልና። ቢላዋው ላይ «ስቴንለስ» የሚል ካለ ከ1913 በኋላ ነው፤ ሃሪ ብሬርሊ የማይዝግ ብረትን ሼፊልድ ውስጥ የሠራው በዚያ ዓመት ነው። ሆኖም ስለቱ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል የቀለበቱን ማህተም ለብቻው አንብቡ።

አንድ ሹካ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ጀርባው ላይ ከግራ ጀምሮ፦ ባንዲራ ውስጥ «ደብሊዩ ኤንድ ኤች»፣ ቀጥሎ ኢ ፒ፣ ራቅ ብሎ አር ዲ 300,000፣ ጫፉ ላይ «ኢንግላንድ»። ፊት ለፊቱ ላይ በእጅ የተቀረጸ የስም ፊደል አለ። ኢ ፒ የሚለው ስላለ ጥያቄው ተዘጋ፣ ቅብ ነው። ባንዲራው ዎከር ኤንድ ሆል፣ ሼፊልድ። የንድፉ ቁጥር ከ351,000 ስለሚያንስ ምዝገባው ከ1900 በፊት፣ ከ1884 በኋላ ነው። የአገሩ ስም ከ1891 ወዲህ ይለዋል። ስለዚህ ንድፉ የ1890ዎቹ ነው፤ ሹካው ከዚያ ጀምሮ እስከ ጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ በየትኛውም ጊዜ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ፊት ያለው የስም ፊደል የባለቤቱ ነው፤ ለሠሪው ፍለጋ ምንም አይጨምርም፣ ከማህተሙ ጋር አንድ መስመር ላይ አትጻፉት። የጥርሶቹ ጫፍ ላይ ቢጫ ያዘለ ግራጫ ታየ፤ ውስጡ ኒኬል ሲልቨር ነው። ፎቶውን፣ በእጅ የሳላችሁትን የማህተም መስመር፣ ክብደቱንና የተበላበትን ቦታ አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩና ከሹካው ጋር በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። በጎማ ላስቲክ ግን አትሰሩት፤ ላስቲክ ውስጥ ያለው ድኝ ብሩ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ጥቁር መስመር ይተዋል።